የሙባሪክ ሳጥንና የእትዬ ዘርፈሽ ስልክ

ሙባሪክ ሸረፋ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ነበር ስል እሱ ሞቶ እንዳይመስላችሁ፤ የሞተው የሬዲዮ ጥገናው ነው። ርካሹ የቻይና ሬዲዮ ከተማውን ሲሞላው ሰው የተበላሸበትን ለልጁ መጫወቻ እየሰጠ አዲስ መግዛት ጀመረ። በሙባሪክ መደርደሪያ ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ስድስት ሬዲዮኖች ነበሩ። በየማለዳው አቧራቸውን ያብስና ሁሉንም ይከፍታቸዋል። ስድስቱ አብረው ሲያወሩ ሱቁ የእድር ስብሰባ ይመስላል። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ የምኖረው እኔ ነኝና ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ልጄን የሚቀሰቅስብኝ እሱ ነው።

እኛ አገር ወንድ ልጅ ሥራ ሲቀዘቅዝበት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ "መርካቶ መቼ ትሄዳለህ?" ሙባሪክን በአራት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ሙሀመድሰይድ መርካቶ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ መደብር አለው። ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል። ሙባሪክ ግን ቡታጅራን መልቀቅ አይፈልግም። ለምን ሲሉት አንዴ የመርካቶ ውሃ አይስማማኝም ይላል፣ አንዴ የሚስቴ ጤና ይላል። ሚስቱ ሳሌሃ ይህን ስትሰማ፣ "እኔን ምክንያት አታድርገኝ፤ እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ" ትለዋለች።

እውነቱን አንድ ቀን ለእኔ ነገረኝ። "መርካቶ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው 'ስንት ነው?' ይለኛል። እዚህ የሚመጣው ሰው ግን 'ምን ሆኖ ነው?' ነው የሚለኝ። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው የምወደው።"

በ1995 ዓ.ም. ክረምት ሙሀመድሰይድ የመጨረሻውን ቃል ላከ። እስከ መስቀል ካልመጣህ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለ።

ልክ በዚያ ሰሞን ነው ፈቃደ ሰሌዳ የገዛው።

ፈቃደ ሁለት ሆቴል ነበረው። አንዱ ወልቂጤ ነው፤ ራሱም የሚኖረው እዚያ ነው። ሁለተኛው እዚህ ቡታጅራ፣ ከሙባሪክ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ነው። የቡታጅራውን የሚያስተዳድሩት ታላቅ እህቱ ዘርፈሽዋል ናቸው፤ እኛ እትዬ ዘርፈሽ እንላቸዋለን። ወንድምና እህት ከፋሲካ ወዲህ ተኳርፈዋል። ጠቡ የምግብ ቤቱ በር ወደ መንገድ ይዙር ወይስ ወደ ግቢ ይቅር የሚል ነው። ፈቃደ ለሥራ ጉዳይ ሲደውል እትዬ ዘርፈሽ የበሩን ነገር ያነሱበታል፤ እሱም ስልኩን ይዘጋል። አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ ፊደል የሚሮጥበት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አየ። በሁለቱም ጫፍ ሞደም የሚባል ሳጥን አለው። ወልቂጤ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው በስልክ መስመር ሄዶ ቡታጅራ ሰሌዳው ላይ ይሮጣል። ሻጩ፣ "ሰው ከሰው መነጋገር የለበትም፤ ሳጥን ከሳጥን ይነጋገራል" አለው። ፈቃደ ከዚያ በኋላ ዋጋውን እንኳን አልተከራከረም ይባላል፤ ጉራጌ ሆኖ ይህን ማድረጉ ሰውን እስከ ዛሬ ያስገርማል።

ሻጩ ለተከላ ሰው ልላክልህ ቢለው መስቀል ደርሶ ስለነበር መጠበቅ አልቻለም። ሙባሪክን ጠራው።

"ሦስት ቀን ተከታትሎ ከወልቂጤ የላክሁት ጽሑፍ እዚህ ከታየ የሁለቱም ሆቴል ቴክኒሻን አንተ ነህ" አለው። "ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹን፣ ጄኔሬተሩን፣ ሁሉንም ትይዛለህ። ካልሆነ የአዲስ አበባውን ልጅ አመጣለሁ።"

ሙባሪክ ሁለቱን ሳጥኖች እንደ መንታ ሕፃናት አቅፎ ወደ ሱቁ ገባና ጠራኝ።

"ሲና፣ አስረኛ ክፍል ጨርሰሽ የለ? ይቺን መጽሐፍ አንብቢልኝ።"

ከሳጥኖቹ ጋር የመጣችው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ናት። ልጄን አዝዬ እኔ አነባለሁ፤ እሱ ሽቦ ያገናኛል። ያልገባኝን እየዘለልኩ አነበብኩ። የዘለልኩትን እሱ በእጁ እየፈለገ ያገኘዋል። በሁለት ቀን አንዱን ሳጥን ከሰሌዳውና ከእትዬ ዘርፈሽ የስልክ መስመር ጋር ገጠመው። ስልኩ ሁለት ጊዜ ሲጠራ ሳጥኑ ራሱ እንዲያነሳ አደረገው። ከዚያ ሁለተኛውን ሳጥን ይዞ በዚያ ጭቃ መንገድ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ወልቂጤ ገባ። እኔ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኜ ሰሌዳውን እንድጠብቅ ተነገረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጠራ። ገና አንዴ እንደጠራ እትዬ ዘርፈሽ ከወጥ ቤት በሩጫ መጥተው አነሱት።

"ሃሎ፤ እንዴት አደራችሁ? ማን ልበል? … ልጆች ደህና ናቸው?" ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። "ሰውዬው ስቅታ ይዞታል መሰለኝ፤ ጢጥ ጢጥ ነው የሚለው።" ወደ ስልኩ ተመለሱ። "ወንድሜ፣ ውሃ ጠጣበትና መልሰህ ደውል፤ እሺ?"

ሰውዬው መልሶ ደወለ። ውሃው አልበጀውም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ትንፋሹን እንዲይዝ መከሩት። አራተኛው ላይ ስኳር እንዲውጥ ነገሩት፤ ስልኩን ዘግተውም፣ "ምስኪን፣ ጨጓራ ሊሆን ይችላል" አሉ።

በአምስተኛው የሙባሪክ ድምፅ መጣ። እትዬ ዘርፈሽ ስልኩን ራቅ አድርገው ስለሚይዙ የሚባባሉትን ሁሉ እሰማ ነበር።

"እትዬ፣ የሚደውለው ማሽኑ ነው። ሲጠራ አያንሱት።"

"ስልክ እየጠራ ዝም ልበል?"

"አዎ፤ ዝም ይበሉ።"

"መርዶ ቢሆንስ?"

"መርዶ አይደለም እትዬ፤ 'ክትፎ ደርሷል' የሚል ጽሑፍ ነው።"

"ማን እንደሚደውል ሳላነሳ በምን አውቃለሁ?"

"እኔ ነኝ የምደውለው።"

"ታዲያ አንተ ከሆንክ ባነሳው ምን አለበት?"

ሙባሪክ እኔን በስልክ አስጠራኝና፣ "ሲና፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ስልኩን ንቀይና ቤትሽ ውሰጂው፤ መስመሩ ላይ ሳጥኑ ብቻ ይቅር። ሦስት ቀን ነው" አለኝ።

እትዬ ዘርፈሽን መለመን ቀላል አልነበረም። መጨረሻ ላይ፣ "ይሄ ካልሆነለት መርካቶ መሄዱ ነው፤ ሳሌሃም ልጆቹም ይከተሉታል" ስላቸው፣ "ቴሌቪዥኔን ማን ያይልኛል ከሄደ" ብለው ስልኩን በእጄ አስያዙኝ። በልጄ ፎጣ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

መስከረም አሥራ አንድ ቀን፣ በ1996 መሆኑ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሆቴሉ ባንኮኒ ሥር ያለው ሳጥን አንዴ ጮኸ፣ ሰሌዳው ጨለመ፣ ከዚያ ቀይ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ መሮጥ ጀመረ። "ለመስቀል ልዩ ክትፎ ከነአይቡ።" መናኸሪያው እንዳለ ወደ ሆቴሉ ዞረ። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ረሳው። አንድ ሽማግሌ ጽሑፉ የት እንደሚገባ ለማየት የሰሌዳውን ግራ ጎን ዞረው አዩ። ሳሌሃ ከሱቁ በር ላይ ቆማ አንዴ እንኳን አላጨበጨበችም፤ የያዘችውን ሰፌድ ግን ገልብጣው ነበር። በማግስቱ ሌላ ጽሑፍ መጣ። ሁለት ቀን ተሳካ፤ አንድ ቀን ቀረ።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም አላሰብንም። የእትዬ ዘርፈሽ ስልክ የእሳቸው ብቻ አይደለም። መርካቶ ያለው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚደውለው እዚያ ነው። ደግሞ የመስቀል ሰሞን ነው፤ ማን በየትኛው መኪና እንደሚመጣ የሚነገርበት ጊዜ።

አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት ሦስተኛው ጽሑፍ በሰዓቱ ደረሰ። "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ግቡ፣ ክትፎው ደርሷል" ይላል። ሙባሪክና ፈቃደ በፈቃደ ፒክአፕ ወደ ቡታጅራ መነሳታቸውን እንኳን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም፤ ስልኩ አልጋዬ ሥር ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሚኒባስ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ። የወረዱት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ቀድመው የወረዱት የእትዬ ዘርፈሽ አጎት አቶ አስረስ ናቸው፤ መሬት ሳይረግጡ ነው ማልቀስ የጀመሩት። ከኋላቸው ሃያ ሰው ያለቅሳል። የሰፈሩ ሰው ይህን ሲያይ ሮጦ መጣ። ማን እንደሞተ አናውቅም። ለቅሶ መሀል ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ እኛም አለቀስን። ከበላያችን ሰሌዳው፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ግቡ፣ ክትፎው ደርሷል" እያለ ይሮጣል።

እትዬ ዘርፈሽ ማማሰያ ይዘው ከወጥ ቤት ወጡ። አጎታቸውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ማማሰያውን ጣሉ።

"ወንድሜን! ፈቃደን!"

ለቀስተኛው እስከዚያ ድረስ ማን እንደሞተ አያውቅም ነበር። አሁን አወቀ። ለቅሶው ስም ሲያገኝ እጥፍ ሆነ። እትዬ ዘርፈሽ ደረታቸውን እየደቁ፣ "በሩን በፈለግህበት ባዞርኩልህ! አምስት ወር ሙሉ ያኮረፍኩት ለበር ነው ወይ?" ይላሉ።

ይህን ጊዜ ፒክአፑ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ። ሙባሪክ ከፊት ተቀምጦ ሙሽራ እንዳጀበ ሰው ይስቃል። ፈቃደ ግን ሰዉን አየ፣ የአጎቱን እንባ አየ፣ የወረደበትን በር ሳይዘጋ ራሱን ያዘ።

"እህቴን! እትዬን!"

እያለቀሰ ሕዝቡን ሰንጥቆ ሲገባ ማን እንደሆኑ ሳያይ የሚያለቅሱትን እህቱን አቀፋቸው። እሳቸውም ማን እንደሆነ ሳያዩ አቀፉት። ትንሽ አብረው አለቀሱ። ከዚያ እትዬ ዘርፈሽ ቀና ብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አንተ አልሞትክም?"

"አንቺ አልሞትሽም?"

"ታዲያ ማን ነው የሞተው?"

ሃያውም ሰው ወደ አቶ አስረስ ዞረ። አቶ አስረስ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ጠረጉ። "እኔ ምን አውቃለሁ? ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያነሳው ሰው እያለቀሰ ነው። እንዴት ያለ ለቅሶ! እንደ ሴት ይጮሃል፣ ከዚያ እንደ ወንድ ያጓራል፣ ከዚያ እህህ ይላል። 'ማን ነው የሞተው?' ስለው ይባስ ብሎ ተንሰቀሰቀ። እዚህ የሚያነጋግር ሰው ጠፍቷል ብዬ ሰው ሰበሰብኩ። ሴቶቹ ጥያ ስንደርስ ነው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት።"

ከዚህ በኋላ ሃያውም ሰው ወደ ሙባሪክ ዞረ።

"ስልኬን!" አሉ እትዬ ዘርፈሽ።

እኔ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ስልኩን ከነፎጣው ይዤ ስመለስ ፈቃደ፣ "በቃ፤ የአዲስ አበባውን ልጅ አመጣለሁ" ሲል ደረስኩ። እትዬ ዘርፈሽ ደግሞ፣ "ማንንም አታመጣም፤ ሳጥኑ ነው የሚወጣው" ይላሉ። ሙባሪክ አፉን እንደከፈተ ከሁለተኛው ሚኒባስ ወንድሙ ሙሀመድሰይድ ወረደ። መርካቶ የአቶ አስረስ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱ ሲያለቅስ ሊቀር አይችልም።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ ሙሀመድሰይድ። ወንድሙን ከላይ እስከ ታች አየው። "አንድ መንደር በሙሉ አስለቀስክ። በሬዲዮ እንኳን ይህን አልቻልክም።"

"ወአለይኩም ሰላም" አለ ሙባሪክ።

"እንኳን መጣሁ። ልብስህን ሰብስብ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አብረን እንመለሳለን።"

ሙባሪክ ሱቁ ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ስድስቱም ሬዲዮ ዝም ብሏል። ሳሌሃ ሻይ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና ቆመች።

"ሳጥኑ ጥፋት የለበትም" አላት። "ሰዉ ነው ማንሳት የማይተወው።"

"ሰውማ እንዴት ይተዋል?" አለች ሳሌሃ። "አንተስ ሰው ቤት ስትገባ ሰላም ሳትል ዕቃህን ወርውረህ ትወጣለህ? ሳጥንህን ሥርዓት አስተምረው። ትልልቆቹ ሰላም ተባብለው እስኪጨርሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ፤ ከዚያ ተራው ሲደርስ ይናገር።"

ሙባሪክ ሻዩን ሳይቀምስ ቀና አለ። "ሲና፣ መጽሐፏ የት ናት?"

ከዘለልኩት ገጽ ውስጥ ነበር። ሳጥኑ ጎኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ የድምፅና የጽሑፍ መቀያየሪያ ናት። ሁለት ሰዎች አውርተው ሲጨርሱ፣ በሁለቱም ጫፍ ያለው ሰው ቁልፏን ተጭኖ ስልኩን ያስቀምጣል፤ ሳጥኖቹ በዚያው መስመር ይቀጥላሉ። አፈርኩ። ሙባሪክ ግን ፈቃደ ዘንድ ሮጦ ሄዶ ነበር። ምን ብሎ እንደለመነው አላውቅም። ያየሁት ፈቃደ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ፣ መሪውን ይዞ፣ "ነገ ሁለት ሰዓት፤ አንድ ጊዜ ብቻ" ሲል ነው። ያን ከሰዓት ወደ ወልቂጤ ተመለሰ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለቀስተኞቹ ሁሉ ሆቴሉ ውስጥ ነበሩ፤ ከመጡ አይቀር ክትፎ በልተው አድረዋል። ሙሀመድሰይድ የወንድሙን ሻንጣ ሳሌሃ እንድታዘጋጅ ነግሯት ነበር። ሳሌሃ ባዶ ሻንጣ አምጥታ በረንዳው ላይ አቆመች። "ልብሱ አልደረቀም" አለችው። ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓቷ ነው፤ ገመዱ ላይ ምንም አልተሰጣም።

ስልኩ ጠራ። እትዬ ዘርፈሽ አነሱት። ሙባሪክ ባንኮኒው ሥር ተንበርክኮ ጣቱን ቁልፏ ላይ አድርጓል።

"ደህና አደርሽ እትዬ?" አለ ፈቃደ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ደህና።"

ሙባሪክ ከባንኮኒው ሥር ዓይኑን ወደ እትዬ ዘርፈሽ አነሳ።

"ያ ጨጓራህ እንዴት ሆነ?" አሉ እትዬ ዘርፈሽ።

ከዚያ ወዲህ ማቆሚያ አልነበረውም። ከጨጓራው ወደ ልጆቹ ትምህርት፣ ከልጆቹ ወደ ወልቂጤ ዝናብ ሄዱ። የአምስት ወር ወሬ ነው። በር የሚል ቃል አንዴም አልተነሳም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። አቶ አስረስ ስልኩን ተቀብለው አለመሞቱን በጆሯቸው አረጋገጡ። ሁለት አክስቶች ተከተሉ። የሚኒባሱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። የሙባሪክ ግንባር በላብ ተነከረ፤ ጣቱ ግን ከቁልፏ አልተነሳም።

"በል እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ እትዬ ዘርፈሽ። "ሳጥኑን አናስቆመው።"

"አሁን!" አለ ሙባሪክ ከሥር፣ ቁልፏን እየተጫነ።

እትዬ ዘርፈሽ ስልኩን አስቀመጡ። ሳጥኑ ጮኸ። አቶ አስረስ፣ "ይኸው! ይሄ ነው ያለቀሰብኝ" አሉ። ሁላችንም ወደ በረንዳ ወጣን። ሰሌዳው ጨለመ። ጨልሞ ቆየ። ሙሀመድሰይድ ሻንጣውን አነሳና ቅለቱ ገርሞት መልሶ አስቀመጠው። ይህን ጊዜ ቀዩ ፊደል ከቀኝ በኩል ብቅ አለ።

"ሁላችንም በሕይወት አለን። ክትፎም አለ።"

መናኸሪያው ሳቀ። ሙባሪክ ከባንኮኒው ሥር ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ስልኩ እንደገና ሲጠራ ያነሱት ያው እትዬ ዘርፈሽ ናቸው።

"ታየ?" አለ ፈቃደ።

"ታየ። ሰው ሁሉ ይስቃል።"

"ጥሩ። እዚያ ቁልፏን በየቀኑ የሚጫነው ማን ነው?"

"እኔ አልነካውም" አሉ እትዬ ዘርፈሽ። "ሙባሪክ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ዲሹንም ጄኔሬተሩንም ያያል። የቅጥር ወረቀቱን ጽፈህ ላክለት።"

"እሺ ይሁን። ግን እትዬ፣ በየቀኑ እንዲህ ልናወራ ነው?"

"በየቀኑ።"

"ማሽኑን የገዛሁት እኮ…"

"ምን ለማድረግ ነው የገዛኸው?"

"ምንም" አለ ፈቃደ። "ደህና ዋይ።"

ሙሀመድሰይድ ሁሉንም ቆሞ ሰምቷል። ወደ ወንድሙ ተጠጋ።

"ልብሱ አይደርቅም ማለት ነው" አለው።

"አይደርቅም።"

"ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ እንግዲህ። ኋላ እንዳትወቅሰኝ።"

"አልወቅስህም። መደብርህ ውስጥ የተበላሸ ነገር ካለ ግን ላክልኝ።"

"ፕላስቲክ ምኑ ይበላሻል?" አለ ሙሀመድሰይድ። ሳሌሃ ስትስቅ እሱም ሳቀ፤ ከወንድሙም ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ወደ ሚኒባሱ ገባ። ሾፌሩ ከሙሀመድሰይድ ጎን አንድ ወንበር ባዶ መሆኑን አይቶ ሰው ይጭን እንደሆነ ጠየቀ። ሳሌሃ ከቤት በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ መጣችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ሰፊ ቆጮ ነበር፤ ሙሀመድሰይድ እስከ መርካቶ በአንድ እጁ ደግፎት ሄደ።